የዲኤክስን የፊት ሞላ በግቢ ውስጥ መቀየር

መኪናዎን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙና ጥቂት ራቅ ብለው ከጎን ይመልከቷት። አፍንጫዋ ወደ መሬት ተደፍቶ ኋላዋ ከፍ ብሎ ከታየ፣ ወይም አንደኛው የፊት ጎማ ከሌላው ይልቅ ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ ከተደበቀ፣ ሞላዋ ደክሟል ማለት ነው። ጉድጓድ ስትገባ ከፊት በኩል ደረቅ የብረት ግጭት ከተሰማ ጥርጣሬው ይጠናከራል። መሪው ሲዞር ከታች አንድ ነገር ተወጥሮ የሚለቅ ዓይነት ድምፅ ካለ ደግሞ የባትሪ መብራት ይያዙና የሞላውን የታችኛውን ጥምዝ ይመርምሩ። ሞላ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። ጭቃና ውኃ መቀመጫው ላይ ይጠራቀማል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገት ከበላው ቦታ ስንጥቅ ይነሣል። ጅማ ዝናብ የማይጠግብ አገር ነው፤ ከሰቃ ወይም ከዴዶ መንገድ የሚመጣ ቀይ ጭቃ ታጥቦ ካልወረደ ለወራት እዚያው ተጣብቆ ይቆያል።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የማሽከረክራት ኬኢ 70 የምትባለውን፣ እዚህ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላትን ኮሮላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው አራተኛዋ የኮሮላ ትውልድ ናት። የፊት እግሯ ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው፤ የመኪናዋን ንጥረት የሚያረጋጋው አሞርዛተር መሐል ቆሞ ሞላው ዙሪያውን ይጠመጠምበታል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከኮፈኑ ሥር እስከ ጎማው ይወርዳሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዲህ ላለው አሠራር ነው። ላዳ ካለዎት ሞላው የተቀመጠው በታችኛው ክንድ፣ ማለትም ጎማውን ከሥር ከመኪናው ጋር በሚያያይዘው ብረት፣ እና በመኪናው አካል መካከል ስለሆነ አወጣጡ ሌላ ነው። አብዛኞቹ የድሮ ቮልስ ዋገኖች ደግሞ ከፊት እንዲህ ያለ ሞላ የላቸውም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ብሎን መፍታትና ብሎን ማሰር ነው፤ ከጠዋት ተነሥቶ የሠራ ሰው ከምሽት በፊት ይጨርሰዋል። አስፈሪው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሞላው ታምቆ በሰው እጅ አጠገብ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሁሉም ጥንቃቄ እዚያ ላይ ይዋል።

ለምን እንደምፈራው በቁጥር ላሳይ። ዲኤክስ ባዶዋን ወደ 900 ኪሎ ትመዝናለች፤ ሞተሩ ከፊት ስለሆነ አንዱ የፊት ጎማ ከ200 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ለምሳሌ አንድ ሞላ አንድ ሴንቲ ሜትር ለማጠር 20 ኪሎ ጫና የሚፈልግ ቢሆን፣ 12 ሴንቲ ሜትር ለማሳጠር 240 ኪሎ ያስፈልጋል። በውስጡ የሚታመቀው ጉልበት ከአንድ ሜትር ከፍታ ከሚወድቅ 14 ኪሎ ድንጋይ ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ ድንጋዩ ሲወድቅ ማየት መቻልዎ ነው፤ ሞላው ካመለጠ ግን ዓይን አይቀድመውም።

በሰፈራችን አንድ ወጣት ሞላውን በወፍራም ሽቦ ጠፍሮ የላይኛውን ዳዶ ሲፈታ ሽቦው ተበጠሰ። የላይኛው መቀመጫ ተወንጭፎ የቆርቆሮውን ጣሪያ በስቶ ወጣ። ማንም ሰው ያልተጎዳው ሁሉም በአጋጣሚ ከጎን ስለነበሩ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ሁለት ደኅና የሞላ መጭመቂያ ከሌለዎት ሥራውን አይጀምሩ። ሽቦ፣ ገመድ፣ ሰንሰለት፣ የጭነት መወጠሪያ ቀበቶ፣ አንዳቸውም መጭመቂያ አይሆኑም። መግዛት ካልተቻለ ከጋራዥ ተከራይተው ወይም ተውሰው ያምጡ። እርሱም ካልተገኘ እግሩን ከነሞላው ከመኪናው ያውጡና መጭመቂያ ወዳለው ጋራዥ ይውሰዱት። ግማሹን ሥራ ራስዎ ሠርተው አደገኛውን ለባለመሣሪያው መስጠት ምንም ነውር የለውም።

ሞላውን ከመግዛትዎ በፊት

መጀመሪያ ይለኩ። ከጎማው መካከለኛ ነጥብ ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ከፍታ በሜትር ለክተው ግራና ቀኙን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ይህ ልኬት የጎማው ንፋስ ቢያንስም ቢበዛም አይለወጥም፤ ከመሬት የተለካ ከሆነ ግን ይለወጣል። አዲሱ ሞላ ምን እንዳመጣ በኋላ የሚነግርዎት ይኸው ወረቀት ነው።

ሞላው በጅማ መርካቶ ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ያስልካል። በስልክ ሲያዝዙ «የዲኤክስ» ብሎ ማለት አይበቃም። ኮፈኑ ሥር ባለው ሳህን ላይ የተጻፈውን የሞዴል መለያ ሙሉውን ያንብቡላቸው፣ የፊት መሆኑን ይንገሩ፣ ጥንድ እንዲልኩ አጥብቀው ይጠይቁ። ሲደርስዎት ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው ቁመታቸውን፣ የሽቦውን ውፍረትና የጥምዙን ብዛት ያስተያዩ። ከተለያዩ ይመልሱ። በአንዳንድ መኪኖች የግራና የቀኝ ሞላ በእርግጥ ይለያያል፤ ያ ግን በመለያ ቁጥሩ መረጋገጥ አለበት እንጂ ሻጩ ስላለ ብቻ አይታመንም።

የጎረቤቴ ልጅ፣ ሲያግዘኝ የነበረው የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ «መምህር፣ የተሰበረው አንዱ ብቻ ነው፤ አንዱን ብቻ ብንቀይረውስ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ ያሳሳልና። መልሱ ግን አይሆንም ነው። ለዓመታት የተጫነ ሞላ ያጥራል። አዲሱ በአንድ በኩል ሲገባ መኪናዋ ወደ አሮጌው በኩል ታዘነብላለች፤ ፍሬን ሲያዝም ሆነ ኩርባ ላይ ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት አይሆኑም። አሮጌው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ የጓደኛውን መንገድ ይከተላል፤ ያን ጊዜ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ስለ ማስታገሻዎቹም ልናገር። በጥምዞቹ መካከል የጎማ ቁራጭ መሸጎጥ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጎማው ያለበት ጥምዝ መሥራት ያቆማል፣ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፣ ሞላው የሚሰበርበትን ቀን ያቀርባል። ሞላ መቁረጥም እንዲሁ ነው። 8 የሚሠሩ ጥምዞች ካሉት ሞላ አንዱ ቢቆረጥ ጥንካሬው በ14 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ መኪናዋ ዝቅም ትላለች፣ ትነጥራለችም። ከዚያ የባሰው፣ በክሪክ ስትነሣ ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አሙቆ መሳብ ደግሞ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ ለማንም አልመክርም።

መሬቱ

የጅማ ግቢ መሬት ቀይ ሸክላ ነው። ዝናብ ከዘነበበት በኋላ ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። ክሪኩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይቆምና ሸክሙን ሲይዝ በአንድ ጎኑ ይሰምጣል። ሲሚንቶ ወለል ካለ እዚያ ይሥሩ። ከሌለ ሥራውን በበጋ ያድርጉት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከክሪኩና ከመደገፊያዎቹ ሥርም ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ። በከተማችን የእንጨት ሥራ ቤት በየሰፈሩ ስላለ ጣውላ ማግኘት ቀላል ነው። እኔ ከአንድ አናጺ ዘንድ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቁራጮች አስቆርጬ አስቀምጫለሁ፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

መኪናዋን በብሎኬት ወይም በድንጋይ ላይ አያስቀምጡ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ክሪክም ለማንሻ እንጂ ለማቆያ አልተሠራም። ሁለት የብረት መደገፊያ ያስፈልጋል፤ የሚያርፉትም በቻንሲው ጠንካራ ክፍል ሥር ነው፤ ከታችኛው ክንድ ሥር አይደለም፣ ምክንያቱም ክንዱ ወደ ታች መውረድ አለበት።

መፍታት

በዋዜማው ምሽት የሚፈቱትን ብሎኖች ሁሉ በብረት ብሩሽ ጠርገው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ወይም ናፍጣ ያጠጧቸው። ማደሩ ብዙ ልፋት ይቀንሳል።

ጠዋት የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ማርሽ ያስገቡ፣ የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም ታኮ ያድርጉባቸው። መኪናዋ ገና መሬት ላይ ሳለች ሁለት ነገር ያላሉ። አንደኛው የጎማው ዳዶ ነው፣ በ21 ቁልፍ። ሁለተኛው ኮፈኑ ተከፍቶ፣ የአሞርዛተሩ አናት ላይ ያለው ክዳን ተነሥቶ የሚታየው የመሐል ዳዶ ነው። እርሱን ግማሽ ዙር ብቻ ያላሉት፤ ከዚያ አይለፉ። ሞላውን አምቆ የያዘው ያ ዳዶ ነው። አሁን ማላላቱ የሚጠቅመው በኋላ ዘንጉ አብሮ እየዞረ እንዳያስቸግር ነው። ዙሪያውን ያሉትን ሦስት ዳዶዎች ለጊዜው አይንኩ።

አሁን ያንሡ፣ በመደገፊያ ላይ ያሳርፉ፣ መኪናዋን በእጅ ገፋ አድርገው አለመነቃነቋን ይሞክሩ፣ ከዚያ ጎማውን ያውጡ። የወጣውን ጎማ ከመኪናዋ ሥር ያስተኙት፤ አንድ ነገር ቢያመልጥ እርሱ ይሸከማታል።

የፍሬኑን ካሊፐር፣ ዲስኩን የሚጨብጠውን ክፍል፣ ፈትተው በሽቦ ከመኪናው አካል ላይ ይሰቅሉታል። ሽቦ በዚህ ሥራ ላይ ቦታው ይህ ብቻ ነው። ካሊፐሩ በጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ ከቀረ ቱቦው ከውስጥ ይጎዳል፣ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። የፍሬኑ መስመር አሞርዛተሩ ላይ በተበየደ ማቀፊያ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነና ሳይፈታ የማይወጣ ከሆነ መስመሩን መክፈት ግድ ይላል፤ እንዲያ ከሆነ ጫፉን በንጹሕ ነገር ይድፈኑ፣ አዲስ የፍሬን ዘይትም አስቀድመው ያዘጋጁ።

ቀጥሎ የእግሩን የታችኛውን ክፍል ከመሪው ክንድ ጋር የሚያይዙት ብሎኖች ይፈታሉ። የታችኛውን ክንድ በረጅም ብረት ወደ ታች ሲጫኑት እግሩ ይላቀቃል። ረዳት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ከታች እግሩን ይይዛል፣ ሌላው ከኮፈኑ ሥር ሦስቱን ዳዶዎች ያወጣል። የመጨረሻው ዳዶ ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ በያዘው ሰው እጅ ላይ ስለሚወድቅ ቀድመው ይነጋገሩ።

ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ አይፍቱ። አንዱ ከተረሳ ወይም ከተምታታ ያልተፈታው ጎን መልሱን ያሳያል።

ማመቅ

መጭመቂያዎቹን መጀመሪያ ይመርምሩ። ጥርሱ የተበላ፣ መንጠቆው የተሰነጠቀ ወይም የተከፈተ ከሆነ አይጠቀሙበት። ጥርሱን አጽድተው ግሪስ ይቀቡት፤ ደረቅ ጥርስ በጫና ሥር ይነክሳል። ሁለቱ መጭመቂያዎች በትክክል ፊት ለፊት፣ ሞላውን በግማሽ በሚከፍል መሥመር ላይ ይቀመጡ። መንጠቆዎቹ በተቻለ መጠን የተራራቁ ጥምዞችን ይያዙ፣ የመቆለፊያ ፒን ካላቸውም ይቆለፉ።

እግሩን በሞርሳ ይያዙት፤ ሞርሳ ከሌለ መሬት ላይ አስተኝተው ግራና ቀኙን በጣውላ ደግፈው እንዳይንከባለል ያድርጉ። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ሰው፣ ወደ በርም ሆነ ወደ መስኮት አይዙሩ። አናቱ ወደ ግንብ ይመልከት። እርስዎ በጎን ይሁኑ። ፊትዎን ከጫፉ በላይ በፍጹም አያምጡ።

ከዚያ በእጅ ቁልፍ፣ ከአንዱ ሁለት ዙር፣ ከሌላው ሁለት ዙር እያሉ ያጥብቁ። በአየር የሚሠራ መፍቻ እዚህ ቦታ የለውም፤ ፍጥነቱ ጥርሱን ያሞቀዋል፣ መንጠቆው መንሸራተት ሲጀምርም አይሰማዎትም። በየጥቂቱ ቆም ብለው ይመልከቱ። ሞላው ወደ አንድ ጎን እንደ ሙዝ መጉበጥ ከጀመረ አንደኛው መጭመቂያ ቀድሟል፤ ይመልሱና ያስተካክሉ። መንጠቆ በጥምዙ ላይ ሲንሸራተት ካዩም በእጅ ሊይዙት አይሞክሩ፤ አላልተው እንደገና ያስቀምጡት።

መቼ ይበቃል? ሞላው ከላይኛው መቀመጫ ተላቅቆ በእጅ ሲነካ የሚነቃነቅ ሲሆን ይበቃል። እስኪነቃነቅ ድረስ የመሐሉ ዳዶ አይነካም። ከዚያ በላይ ማመቅም አይገባም፤ ትርፉ አደጋ ነው።

በዚህ ሰዓት ቡና ቀርቧል ተብሎ ቢጠሩ አይሂዱ። የታመቀ ሞላ ልጆችና ዶሮዎች በሚመላለሱበት ግቢ ውስጥ ተትቶ አይኬድም። ወይ ከማመቅዎ በፊት ይጠጡ፣ ወይ ሞላው ከተለቀቀ በኋላ።

የመሐሉን ዳዶ አሁን ያውጡ። ዘንጉ አብሮ ቢዞር በፒንሳ አይንከሱት፤ የሚያብለጨልጨው ገጽ ከተጫረ የዘይቱን ማተሚያ ይቆርጠዋል፣ አዲስ አሞርዛተርም ቢሆን ያፈስሳል። የላይኛውን መቀመጫ ይዘው ይፍቱ። የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ይደርድሩና በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ከዚያ አሮጌውን ሞላ ከነመጭመቂያው ያውጡና እንደ ተጨመቀው ሁሉ ሁለት ሁለት ዙር እያሉ ይልቀቁት።

ሌላው ዕቃ

እግሩ ተፈትቶ እያለ ያልተመረመረ ነገር በኋላ ሙሉውን ሥራ ይደግማል። የአሞርዛተሩን ዘንግ ወደ ታች ይጫኑት፣ ወደ ላይም ይሳቡት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መታገል አለበት። መሐል ላይ ባዶ ቦታ ካለው ወይም አካሉ በዘይት ከራሰ አሁኑኑ ይቀየር። አዲስ ሞላ በደከመ አሞርዛተር ላይ መኪናዋን ያስነጥራታል፤ ሞላው የሚያነሣውን የሚያረጋጋው አሞርዛተሩ ነውና።

የላይኛውን ኩሽኔታ በጣት ያዙሩት። አሸዋ እንዳለው የሚንኳኳ ከሆነ መሪው የሚከብደው በእርሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የግጭት መከላከያው ጎማና የአቧራ ሽፋኑ ርካሽ ስለሆኑ ያለ ማመንታት ይቀየሩ።

መግጠም

አዲሱ ሞላ ከአሮጌው ይረዝማል፤ ስለዚህ የበለጠ መታመቅ አለበት። መጀመሪያ ከእግሩ ውጭ አምቀው ካሳጠሩት በኋላ ያስገቡት። የአሞርዛተሩን ዘንግ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ይሳቡ። የሞላው የታችኛው ጫፍ በመቀመጫው ላይ ባለው እርከን ውስጥ በትክክል ገጥሞ መቀመጥ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ቸል ይላል፤ ጫፉ እርከኑ ላይ ወጥቶ ከታሰረ ሞላው ያዘነብላል፣ መሪ ሲዞርም ይዘልላል። የላይኛውንም መቀመጫ እንደዚሁ ያስተካክሉ፣ ኩሽኔታውን ግሪስ ይቀቡ፣ የመሐሉን ዳዶ በአዲስ ተክተው ያጥብቁ።

መልቀቁ እንደ ማመቁ ነው፤ ሁለት ዙር ከዚህ፣ ሁለት ዙር ከዚያ፣ ዓይን ከታችኛው ጫፍ ላይ ሳይነሣ። ጫፉ ከእርከኑ ከሸሸ ቆም ብለው መልሰው ያምቁ። «ሲጫን ቦታውን ይይዛል» የሚል ሰው ቢመጣ አይስሙት።

እግሩን ወደ ቦታው ሲመልሱ ሦስቱን የላይ ዳዶዎች በጣት ብቻ ይያዙ፣ የታቹን ብሎኖች ያስገቡ፣ ሁሉም ከገባ በኋላ ያጥብቁ። ካሊፐሩን ይመልሱ። መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረው የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር፣ እንዳይጠመዘዝ፣ ጎማውንም እንዳይነካ ይመልከቱ። መስመሩ ተከፍቶ ከነበረ አየሩ መውጣት አለበት።

የታችኛው ክንድ የጎማ ቦኮላ (በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት) ያለበት ብሎን ላልቶ ከነበረ የመጨረሻ ማጥበቂያው መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። በአየር ላይ እንዳለ ቢጠብቅ ቦኮላው በወረደበት አቋም ይቆለፋል፤ መኪናዋ ስትወርድ ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። የጎማው ዳዶ በተሻጋሪ ቅደም ተከተል፣ የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ካለ ወደ 100 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ።

ከግቢ ከመውጣትዎ በፊት የፍሬኑን ፔዳል እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ። ካሊፐሩ ሲነካካ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሊገፋ ስለሚችል የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ባዶነት በር ላይ መገኘት የለበትም።

ሁለቱም ጎን ካለቀ በኋላ በሰፈር ውስጥ ቀስ ብለው ይንዱ፣ ከፍታውን እንደገና ለክተው ከቀድሞው ወረቀት ጎን ይጻፉ። ግራና ቀኙ በሚታይ መጠን ከተለያዩ በመጀመሪያ የሚመረመረው የሞላው ጫፍ በእርከኑ ላይ መቀመጡ ነው። የፊቱ ከፍታ ሲለወጥ የጎማዎቹ አቅጣጫም ስለሚለወጥ ወደ ዊል አላይመንት መውሰድ ግዴታ ነው፤ ካልሆነ አዲስ ጎማ በአንድ ጎኑ ያልቃል። የፊት መብራቱም ከፍ ስለሚል ማታ ግንብ ላይ አብርተው ዝቅ ያድርጉት። ጅማና አጋሮ ደርሶ መልስ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን ያህል ከነዱ በኋላ የጎማውን ዳዶዎች፣ ሦስቱን የላይ ዳዶዎችና የታቹን ብሎኖች በቁልፍ እንደገና ይሞክሯቸው።